ቀለም የማይዘው ዶቃ

ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የገመድ መኪና ውስጥ ያምሮት አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ አንገታቸው ላይ ያለው ዶቃ ድፍን ሰማያዊ ነበር። «እግዜር ያጥናዎት» አለቻቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑና መስኮት መስኮቱን ማየት ቀጠሉ። ማን እንደ ሞተባቸው አልጠየቀችም፤ እሳቸውም አልነገሯትም። በዚህ አገር ሰው ሰውን «ምን ሆነሃል?» ብሎ መጠየቅ ካቆመ ሃያ ዓመት አልፎታል። ምን ያደርጋል? አንገቱ ላይ ይታያል።

የዶቃው የወረቀት ስም «የስሜት ማሳያ» ነው፤ እንዲህ ብሎ የሚጠራው ግን የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ብቻ ነው። ሰባት ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ያስረዋል። ያዘነ ሰማያዊ፣ የተቆጣ ቀይ፣ የተደሰተ ቢጫ፣ የወደደ አረንጓዴ ይሆንበታል። ጥቅሙ አይካድም። ሚስት ባሏን ስትነዘንዝ አታመሽም፣ ገዢም ሻጩ ተቆጥቶ እንደሆነ አይቶ ይመለሳል። ጠብ ቀንሷል ይባላል። ጨዋታም ቀንሷል፤ እሱን የሚለካ መሣሪያ ግን እስካሁን አልተሠራም።

ያምሮት ዶቃ ጠጋኝ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሠርታበታለች። የጠዋቱን ሥራ አለቃዋ አቶ ተካልኝ በስልክ ነገሯት።

«ዛሬ አሥር ሰዓት የአሳዳጊነት ችሎት አለ» አሏት። «ሁለት እህትማማቾች ናቸው፤ እናታቸው ከሞተች ሦስት ሳምንቷ ነው። ትልቋ ትንሿን እኔ ላሳድግ ትላለች። ዶቃዋ ግን ነጭ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከታሰረላት ጀምሮ። ቀለም ይዞላት አያውቅም። ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ አረንጓዴ ያላሳየ ሰው ልጅ አይረከብም። ዶቃው ተበላሽቶ ከሆነ ቀጠሮው ይራዘምላታል። ጤነኛ ነው ብለሽ ከፈረምሽ ልጅቷ ነገ ከአክስቷ ጋር ወደ ሎጊያ ትሄዳለች።»

«እርስዎ ምን ይመስልዎታል?»

«ኦቲዝም አለባት አሉ። እነሱ እንግዲህ ስሜት የላቸውም፤ አይደል? ዶቃው ጤነኛ ነው። ለወጉ ያህል ፈትሺው።»

ያምሮትም ያኔ እንደሳቸው ነበር የምታስበው። ክፉ ሆና አይደለም፤ ሰው ሁሉ የሚለውን ይዛ ነው። ሰው ሁሉ የሚለው ነገር ደግሞ ለመሸከም አይከብድም።

የእህትማማቾቹ ቤት ኮምቦልቻ ካለው የገመድ መኪና ጣቢያ ጀርባ ነው። በሩ ላይ ጋሽ ደምሰው የሚባሉ ጎረቤት ቆመው ነበር። የመሣሪያ ቦርሳዋን ሲያዩ ሳይጠየቁ ጀመሩ።

«ለትርሲት ነው የመጣሽው? ምስኪን። ጥፋቱ የእናቷ ነው። አስካለ ሥራ ሥራ ስትል ልጅቷን በሕፃንነቷ አላቀፈቻትም፤ ከዚያ እንዲህ ሆና ቀረች። አንዳንዱ ደግሞ እርግማን ነው ይላል። ምነው፣ ትንሿን ሶስናን ያቺው አስካለ አይደለችም ወይ ያሳደገቻት ብትይኝ መልስ የለኝም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለቅሶው ላይ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ድንኳኑ በሰው ተሞልቶ እሷ ጓሮ ሆና ሦስት ቀን ሙሉ ብርጭቆ አጠበች። እናቷ ሞታ! ብቻ እንደ እሷ ያሉት ቁጥር ላይ አይቻሉም ይባላል። እስቲ የሆነ ነገር አባዢ በያት።»

ትርሲት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ጣቢያው ውስጥ መንገደኛ ጥሎት የሄደ ዕቃ በሚጠበቅበት ክፍል ትሠራለች። በሩን ከፍታ ለያምሮት መንገድ ለቀቀች፤ ፊቷን ሳይሆን ቦርሳዋን አየች። ያምሮት ድምፅዋን ከፍ፣ ቃሏን ዘርዘር አድርጋ ለሕፃን እንደሚነገር ተናገረች።

«እኔ። ያምሮት። እባላለሁ። ዶቃሽን። ላየው ነው።»

«እሰማለሁ» አለች ትርሲት። «ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ብታወሪ ይሻለኛል። ጩኸት ያመኛል።»

ያምሮት ፊቷ ጋለ። ነገሩን ለማለሳለስ ብላ ይሁን ወይም የጋሽ ደምሰው ወሬ ጆሮዋ ውስጥ ቀርቶ፣ «አሥራ ሰባት ጊዜ ሃያ ሦስት ስንት ነው?» አለቻት።

ትርሲት ግራ ገባት። «አላውቅም። ማስያ የለሽም?»

ያምሮት ወደ ሥራዋ ገባች።

ዶቃውን ከትርሲት አንገት ፈትታ መፈተሻው ላይ አኖረችው። መፈተሻው መዳፍ የምታክል ሳህን ናት፤ ስንጥቅም ሆነ የተቃጠለ ክር ቢኖር ትናገራለች። ምንም አላለችም። ያምሮት ዶቃውን በራሷ አንገት ላይ ብታስረው ሦስት ሳይቆጠር ወይን ጠጅ ሆነ፤ የጉጉት ቀለም ነው። የራሷን ዶቃ ደግሞ ለትርሲት አሰረችላት። ያምሮት አንገት ላይ ለዓመታት ቀይና ሰማያዊ ሲሆን የኖረው ዶቃ ትርሲት አንገት ላይ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ቁጭ አለ።

እንግዲህ ዶቃው ጤነኛ ነው። በደንቡ መሠረት ሥራው በአሥር ደቂቃ አልቋል። የቀረው «ጤነኛ» የሚለው ላይ መፈረም ነው።

ልትፈርም ስትል ሶስና ከትምህርት ቤት ለምሳ መጣች። ስምንት ዓመቷ ነው። ሰላም ብላ ጫማዋን አወለቀችና፣ ወለሉ ላይ ከትርሲት ጀርባ ለጀርባ ተደግፋ ተቀመጠች። አልተሳሳሙም፤ አልተያዩም። ትርሲት የሶስናን አዲስ የደንብ ልብስ ይዛ ከአንገትጌው ላይ የሚቆረቁረውን የፋብሪካ ምልክት በትንሽ መቀስ፣ ክር በክር እየፈታች ታወጣ ነበር። የሶስና ፊት በፈገግታ ፈታ ሲል ዶቃዋም ቀስ እያለ አረንጓዴ ሆነ። የትርሲት እዚያው ነጭ ነው።

ያምሮት እስክሪብቶዋን መልሳ ከተተች። ይህች ልጅ ከምን ጋር ተደግፋ ነው አረንጓዴ የሆነችው? ከባዶ ግድግዳ ጋር? በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያልመጣባት ጥያቄ ነው። ዶቃ ተበላሸ አልተበላሸ ብላ ታውቃለች እንጂ ዶቃው ምን ያያል ብላ አታውቅም።

«ጥሬ መዝገብሽን ብከፍተው ትፈቅጂያለሽ?» አለች። ጥሬ መዝገብ ማለት ዶቃው ቀለም ከመምረጡ በፊት ከሰውነት የሚለቅመው ነገር ነው፦ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የቆዳ ሙቀት፣ ድምፅ፣ የፊት እንቅስቃሴ። የሰውየው አውራ ጣት ሳይነካው በስሙ አይከፈትም።

ትርሲት አውራ ጣቷን አሳረፈች። «የፈለግሽውን እዪ።»

ያምሮት በቀጥታ ወደ ለቅሶው ሄደች። የመጀመሪያው ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ትርሲት ድንኳኑ ውስጥ ነች። ልቧ በደቂቃ መቶ ሠላሳ አምስት ይመታል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ቆዳዋ ግሏል። ዶቃው ይህንን ሁሉ ለቅሟል። ለቅሞ ሲያበቃ «ምንም» ብሎ ነጭ ሆኗል። ያምሮት መስመሩን ሁለት ጊዜ አየችው። ከዚያ ያን ዕለት ድንኳኑ ውስጥ የነበሩትን የሌሎቹን መዝገብ፣ ጠጋኝ ሊያየው በሚፈቀድለት መጠን ስም ተሰውሮ፣ ከፈተች። እዬዬ እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ የነበሩ፣ ዶቃቸው ሊጠቁር እስኪደርስ ሰማያዊ የሆነ ሴቶች ነበሩ። ልባቸው ሰባ፣ ሰባ ሁለት። ገበያ ደርሶ የመጣ ሰው ልብ።

እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ? ሄዳ ሄዳ የደረሰችው የዶቃው የትምህርት መዝገብ ላይ ነው፤ ዶቃ ሲሠራ ቀለም መለየት የተማረበት ማለት ነው። ይህ መዝገብ ለጠጋኝ ሁሉ ክፍት ነው። ክፍት ስለሆነ ማንም አያነበውም። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ሐዘን ምን እንደሚመስል ለማስተማር ሲነሱ ወዴት እንደሄዱ ተጽፏል። ወዴት ይሄዳሉ? ለቅሶ ቤት ነዋ። ስድስት ወር ሙሉ ከድንኳን ድንኳን ዞረው የሚያለቅስ ሰው ፊትና ድምፅ ሰብስበዋል። ማን የሟች እናት እንደሆነች፣ ማን በእድር ግዴታ እንደመጣ፣ ማን «ምነው አላለቀሰችም» እንዳይሏት እንደምትጮህ አልለዩም። ፍቅርን ደግሞ ከግብዣ ነው ያስተማሩት። «ብሉ እንጂ፣ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» የሚል ድምፅ፣ ጉርሻ የያዘ እጅ፣ ደጅ ድረስ ወጥቶ እየሳመ የሚሸኝ ፊት። አረንጓዴ ማለት እሱ ነው። ዶቃው የልብ ምቱን የሚለቅመው ሰውየው በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ብቻ ነበር።

ሠሪዎቹ አላታለሉም። አገራቸው ሐዘኗን የምታሳይበት ቦታ ሄደው፣ የታየውን ልብ ነው ብለው ይዘው ተመለሱ። ከመካከላቸው አንድ የውጭ አገር ሰው ቢኖር «ይህቺ ሴትዮ ሟቹን ታውቀዋለች?» ብሎ በጠየቀ ነበር። ለእነሱ ግን ጥያቄው ነውር ነው።

ያምሮት ደስ አላት፤ አይደበቅም። ማስረጃ አገኘች። «አይዞሽ፣ ዛሬ ትረቺያለሽ» ብላት ወጣች። ትርሲት የመጨረሻውን ክር እየፈታች ነበር።

አሥር ሰዓት ሲሆን ችሎቱ ተከፈተ። ክፍሉ ጠባብ ነው። ዳኛ እንድሪስ ከመነጽራቸው በላይ ዶቃ የሚያዩ፣ አስተዋይ የሚባሉ ሰው ናቸው። በቀኝ በኩል የሶስና አክስት ወይዘሮ ጥሩአየር ከሎጊያ በነጭ ነጠላ ቁጭ ብለዋል። ሶስናን ጭናቸው ላይ አድርገው ፀጉሯን ይደባብሳሉ፣ «በሞቴ፣ ይቺን ቅመሺልኝ» እያሉ ብስኩት ይሰጧታል። ዶቃቸው እንደ ክረምት ሣር ለምልሟል። በግራ ትርሲት እጆቿን ከጠረጴዛው በታች አድርጋ ተቀምጣለች። አንገቷ ላይ ነጭ።

ዳኛው ሁለቱንም አዩና፣ «ጠጋኟ፣ ዶቃው እንዴት ነው?» አሉ።

«ጤነኛ ነው» አለች ያምሮት። አቶ ተካልኝ ከኋላ ወንበር ላይ እፎይ ሲሉ ሰማቻቸው። «ችግሩ የዚህ ዶቃ አይደለም፣ ክቡር ዳኛ። የሁሉም ነው።» ከዚያ የትምህርት መዝገቡን፣ ድንኳኑን፣ የሴቶቹን ልብ አንድ በአንድ አስረዳች። አቶ ተካልኝ «ያምሮት፣ ተይ» አሉ፤ አልተወችም። በመጨረሻ የትርሲትን መስመር በግድግዳው ላይ አበራችው። «ይኸው። መቶ ሠላሳ አምስት። ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ ይበልጥ ያዘነችው እሷ ናት።»

ዳኛው ወደ መስመሩ ጠጋ አሉ። ነገሩ እያሳመናቸው እንደሆነ ያምሮት ከዶቃቸው አየች፤ ከሌላ ከምን ልታይ?

ትርሲት እጇን አነሳች። «ይቅርታ። ያ ሐዘን አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?» አሉ ዳኛው።

«የድምፅ ማጉያው ነው። አጠገቤ ነበር የቆመው። ራሴን ሊያፈነዳው ደረሰ፤ ለዚህ ነው ወደ ጓሮ የሄድኩት።»

ያምሮት ክው አለች። ከወንበሯ ተነስታ የልጅቷን አፍ ብትይዝላት በወደደች። «ትርሲት፣ አንዴ…» አለች። በአንድ በኩል ተናደደች። ሥራዋን አደጋ ላይ ጥላ ያመጣችውን ማስረጃ ባለጉዳይዋ ራሷ አፈረሰችው። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር፤ እኔም ዝም እል ነበር ብላ አሰበች፣ ንዴቷም እዚያው ላይ ተነነ።

«ጓሮ ስትሄጂ የልብ ምትሽ ስልሳ ስምንት ነው ይላል» አሉ ዳኛው ወደ መስመሩ እያመለከቱ። «ተረጋግተሻል ማለት ነው። አላዘንሽም?»

«እዚያ ነው ያዘንኩት። ጸጥታ ስለነበረ ማዘን ቻልኩ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፣ መልሰው አነሱት። «እንግዲህ ልጄ፣ ዶቃው አይናገርም። ልብሽም በቁጥር አይናገርም አልሽኝ። ታዲያ እኔ በምን ልወቅ?»

«ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ» አለች ትርሲት። «እስካሁን የጠየቀኝ የለም።»

ያምሮት ይህን ስትሰማ አፈረች። ከምሳ በፊት ጀምሮ ከዚህች ሴት ጋር ነበረች። ዶቃዋን ፈትሻለች፣ አውራ ጣቷን ተቀብላለች፣ የሰባ ሰው መዝገብ አገላብጣለች። የማባዛት ጥያቄ እንኳ ጠይቃታለች። ይህንን ግን አልጠየቀቻትም።

ዳኛ እንድሪስም ቀላል አልሆነላቸውም። አሥራ ስምንት ዓመት በዳኝነት ወንበር ላይ ዶቃ ሲያነብቡ ቆይተዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ የፊታቸውን ወረቀት አገላበጡ። ወረቀቱ ላይ ጥያቄ የለም።

«ሶስናን… ትወጃታለሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ይህንን ማንም ይላል። እስቲ አስረጂኝ።»

ትርሲት ቀና አላለችም። ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ነው። «ጠዋት ስትነሳ አላናግራትም። ማውራት የምትፈልገው ካልሲዋን ካደረገች በኋላ ነው። ሒሳብ አልችልም፤ የቤት ሥራዋን እንዳሳያት ብዬ የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ከጎረቤት ልጅ እየተማርኩ ነው። ገና ማካፈል አልገባኝም። መታቀፍ አልወድም፤ ቆዳዬን ያቃጥለኛል። እሷ ግን እናታችን ከሞተች ወዲህ ሳትታቀፍ አትተኛም። ስለዚህ አቅፋታለሁ። ለመድኩት አልልም። አቅፋታለሁ ግን።»

ሶስና አክስቷ ጭን ላይ ሆና ብስኩቱን መብላት አቆመች። «ያቃጥልሽ ነበር?» አለች በቀስታ።

«አዎ። ግን እፈልጋለሁ» አለች ትርሲት።

ያምሮት እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። ዳኛው እንደ ልማዳቸው ወደ ወይዘሮ ጥሩአየር ዶቃ ሊያዩ ዞሩና መንገድ ላይ ተዉት። ዓይናቸውን አነሱ። የሴትዮዋን ፊት አዩ።

«ወይዘሮ ጥሩአየር፣ እርስዎንም ልጠይቅ። ልጅቷን ወስደው ማሳደግ ይፈልጋሉ?»

«ምን ጥያቄ ነው ይሄ» አሉ ወይዘሮ ጥሩአየር ፈገግ ብለው። «የእህቴ ልጅ አይደለችም ወይ? ሥጋዬ ናት። ማን ይወስዳታል ታዲያ?» ዶቃቸው ለመለመ።

«ገብቶኛል። የጠየቅሁት ግን ይፈልጋሉ ወይ ነው።»

ፈገግታቸው ትንሽ ቆየና ወረደ። የሶስናን ፀጉር የሚደባብሰው እጃቸው ቆመ። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈን አድርገው ወለሉን አዩ።

«አራት ወልጄ አሳድጌያለሁ» አሉ። «ባለፈው ዓመት የመጨረሻው ከቤት ሲወጣ፣ ተመስገን፣ አሁን አርፋለሁ ብዬ ነበር። ጉልበቴ ደረጃ አይወጣም። የሎጊያ ሙቀት ለዚህች ሕፃን አይሆንም፤ ይህንንም አውቀዋለሁ። ግን የእህቷን ልጅ ጣለች ሲሉኝስ? ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ዓይኑን እኔ ላይ አደረገ። እወስዳታለሁ አልኩ። ካልኩ በኋላ እንዴት ልመለስ? አልፈልግም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ እወዳታለሁ፣ ግን አልፈልግም።»

ዶቃቸው አረንጓዴነቱን አልለቀቀም። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዶቃውንና ሴትዮዋን ሲያይ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አንገቱ ላይ ተሸክሞት የዞረው ይሉኝታውን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባው። አቶ ተካልኝ ቀስ ብለው የራሳቸውን በኮታቸው ሸፈኑት።

ሶስና ከጭናቸው ወርዳ ወደ ትርሲት ሄደች። ዳኛው እስክሪብቶ አንስተው ልጅቷ ከእህቷ ጋር ትቅር ብለው ፈረሙ።

ወይዘሮ ጥሩአየር በእፍረት አቀርቅረዋል። ሰው አሁን ይፈርድብኛል ብለው ሲጠብቁ ትርሲት ከጠረጴዛው ማዶ አየቻቸው። አልተቆጣችም። ነገሩ እንዳልገባው ሰው ግንባሯን ቋጥራለች።

«አክስቴ» አለች። «ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህንን ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?»

ወይዘሮ ጥሩአየር ቀና አሉ።

«ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ?» አሉ።